ለወጣት የረጅም ርቀት ሯጮች የአተነፋፈስ ልምምድ፦ ከወለል እስከ መም

በ1,500 ሜትር ውድድር ሦስተኛው ዙር ላይ አንድ ወጣት ሯጭን ልብ ብላችሁ እዩት። እግሩ ከመክበዱ በፊት ትከሻው ይነሳል። ቀስ በቀስ ወደ ጆሮው ይጠጋል። የአንገቱ ጅማት ይገተራል፣ ጡጫው ይጨበጣል፣ አፉን ከፍቶ ቁና ቁና ይተነፍሳል። አየር ይስባል፣ እንደገና ይስባል፣ የሚያስወጣው ግን ትንሽ ነው። ከውድድሩ በኋላ ብትጠይቁት "እግሬ ደህና ነበር፣ ትንፋሽ አጠረኝ" ይላችኋል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእንዲህ ዓይነቱ ሯጭ ነው። ዕድሜያችሁ ከ12 እስከ 18 ከሆነና ከ800 ሜትር ጀምሮ ወደ ላይ የምትሮጡ ከሆነ ተከታተሉኝ። አሠልጣኞችና ወላጆችም ብታነቡት ደስ ይለኛል። በቀን 10 ደቂቃ ገደማ ይበቃል። ዕቃ ከሞላ ጎደል አያስፈልግም። ከልምምዱ ሁሉ የምወደው አንዱን ነገር ነው፦ ትንፋሽ የሚስተካከለው ከማስወጣት ነው። አየር ለመሳብ የምታደርጉትን ትግል ትታችሁ በደንብ ማስወጣትን ስትማሩ፣ የሚገባው ራሱ ይገባል።

በመጀመሪያ፣ ከልምምዱ ምን ትጠብቃላችሁ?

ስለ አተነፋፈስ ብዙ ይጋነናል። ስለዚህ እውነቱን አስቀድመን እንነጋገር። ጤነኛ ወጣት በዝቅተኛ ቦታ ሲሮጥ፣ ጠንክሮ ሲሮጥ እንኳ፣ ሳንባው ደሙን በኦክስጅን በደንብ ይሞላዋል። ፍጥነቱን በአብዛኛው የሚገድበው ልቡ የሚረጨው የደም መጠንና ጡንቻው ኦክስጅኑን የመጠቀም አቅሙ ነው። ይህ ደግሞ የሚያድገው በሩጫ ነው። የአተነፋፈስ ልምምድ ሳንባችሁን አያሰፋም። ቪኦቱ ማክስ የሚባለውን፣ ሰውነት በአንድ ደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለውን ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ አይጨምርም።

ታዲያ ለምን እንለፋለን? ምክንያቱም መተንፈስም ሥራ ነው። ዋናው ሠራተኛ ዲያፍራም ይባላል። ከሳንባ ሥር፣ ከሆድ ዕቃ በላይ እንደ ጉልላት የተዘረጋ ስስ ጡንቻ ነው። ሲኮማተር ወደ ታች ይወርዳል፣ ሳንባ ይለጠጣል፣ አየር ይገባል። በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎችም ያግዙታል። በሙሉ ኃይል ስትሮጡ እነዚህ ጡንቻዎች ብቻቸውን ሰውነታችሁ ከሚጠቀመው ኦክስጅን 10 ከመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። ሲደክሙ ደግሞ ሰውነት ለእነሱ ያደላል። መተንፈስ ከቆመ ሁሉም ይቆማልና ወደ እግር የሚሄዱትን የደም ሥሮች ጠበብ ያደርጋል። እግር "በድንገት ከበደኝ" የሚያሰኘው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እንግዲህ የመተንፈሻ ጡንቻ ቶሎ እንዳይደክም ማድረግ ለእግር ደም መቆጠብ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ብክነት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ከምትስቡት አየር የተወሰነው አፍንጫ፣ ጉሮሮና ቧንቧ ውስጥ ይቀራል። ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፍበት ቦታ ሳይደርስ ተመልሶ ይወጣል። በአዋቂ ሰው ይህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። አንድ ሰው በደቂቃ 12 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 500 ሚሊ ሊትር ቢተነፍስ 6 ሊትር አየር አስገባ ማለት ነው። ከዚህ 1.8 ሊትሩ ባክኖ 4.2 ሊትሩ ለሥራ ይደርሳል። ሌላው ደግሞ 24 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 250 ሚሊ ሊትር ቢተነፍስ እሱም 6 ሊትር አስገብቷል። ግን 3.6 ሊትሩ ይባክናል፣ የሚደርሰው 2.4 ሊትር ብቻ ነው። ያው 6 ሊትር፣ ልዩነቱ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። በሩጫ ላይ ቁጥሮቹ በጣም ይጨምራሉ፣ ሕጉ ግን አይለወጥም። አጭርና ፈጣን ትንፋሽ ያደክማል፣ የሚሰጠው ግን ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ጭንቀት ነው። ወደሱ ኋላ እንመለሳለን።

ደረጃ 1፦ ከመጀመራችሁ በፊት ራሳችሁን ለኩ

ደብተር ያዙ። ሦስት ነገር ጻፉ።

አንደኛ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትተነፍሱ። ራሱን የሚቆጥር ሰው ሳያውቀው ትንፋሹን ይለውጣልና ሌላ ሰው ቢቆጥርላችሁ ይሻላል። በእናንተ ዕድሜ ከ12 እስከ 20 መሆኑ የተለመደ ነው።

ሁለተኛ፣ አንድ እጃችሁን ደረት ላይ፣ ሌላውን ከእምብርት በላይ አድርጋችሁ ቁሙ። ጥልቅ አየር ሳቡ። ቀድሞ የተንቀሳቀሰው የትኛው እጅ ነው? ትከሻችሁስ ተነስቷል?

ሦስተኛ፣ በምታውቁት መንገድ ላይ 10 ደቂቃ በተመቻችሁ ፍጥነት ሩጡ። እንዳቆማችሁ አሥር ያህል ቃላት ያሉትን አንድ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብላችሁ በሉ። ስንት ቦታ ላይ ለመተንፈስ ቆረጣችሁት? መንገዱን፣ ፍጥነቱንና ዓረፍተ ነገሩን አትለውጡ። ከሳምንታት በኋላ የምታወዳድሩት ከዚህ ጋር ነው።

ደረጃ 2፦ ወለል ላይ

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘላል። አትዝለሉት። ቆማችሁ ያልቻላችሁትን እየሮጣችሁ አትችሉትም። ተኝታችሁ ያልቻላችሁትን ደግሞ ቆማችሁ አትችሉትም።

በጀርባችሁ ተኙ። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ እግራችሁን መሬት አስረግጡ። እንዲህ ስታደርጉ የሆድ ጡንቻ ይላላል፣ ዲያፍራምም ቦታ ያገኛል። አንድ እጅ ከጎድን አጥንት በታች ሆድ ላይ፣ ሌላው ደረት ላይ ይሁን።

አሁን በመሳብ አትጀምሩ። በማስወጣት ጀምሩ። ከንፈራችሁን ትንሽ ሰብሰብ አድርጋችሁ አየሩን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ፊታችሁ ሻማ ቢኖር ነበልባሉ ይወዛወዛል እንጂ አይጠፋም፣ ልኩ ያ ነው። የታችኛው ጎድናችሁ ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ ይሰማችሁ። መጨረሻ ላይ አንድ አፍታ ቆዩ። ከዚያ አፋችሁን ዝጉና አየሩ በአፍንጫ ይግባ። "ይግባ" ያልኩት አስቤበት ነው፣ አትጎትቱት። ሆድ ላይ ያለው እጅ ከፍ ይላል፣ ጎድናችሁ ወደ ጎንና ወደ ጎን ይከፈታል፣ ደረት ላይ ያለው እጅ እምብዛም አይነሳም።

ለ5 ደቂቃ ቀጥሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ።

ሁለት ስህተቶች እዚህ ጋ ይደጋገማሉ። አንዱ ሆድን በጡንቻ ወደ ውጭ መግፋት ነው። ሆዱ ይነፋል፣ አየር ግን አልገባም። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ትንፋሻችሁን ሳትስቡ ሆዳችሁን መንፋት ከቻላችሁ እየገፋችሁ ነው። የታችኛው ጎድን አብሮ መከፈቱን በእጃችሁ አረጋግጡ። ሌላው ስህተት በእያንዳንዱ ትንፋሽ ሳንባን ጢም አድርጎ መሙላት ነው። ጭንቅላታችሁ ቀለል ካለ፣ ጣታችሁን ወይም ከንፈራችሁን ከነዘራችሁ ከልክ በላይ እየተነፈሳችሁ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደማችሁ ወርዷል ማለት ነው። አቁሙ፣ እንደወትሯችሁ ተንፍሱ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃችኋል።

ሆድ ላይ ቀለል ያለ መጽሐፍ ማስቀመጥ ይረዳል። ጡንቻ አያጠነክርም፣ ግን መጽሐፉ ሲወጣና ሲወርድ ስታዩ ሰውነታችሁ ምን እያደረገ እንደሆነ ቶሎ ይገባችኋል። በተለይ ለታዳጊዎች ይህን ነው የምመርጠው።

ደረጃ 3፦ ማስወጣቱን አስረዝሙ

ትንፋሽ አጠረኝ የሚያሰኘው በአብዛኛው የኦክስጅን ማነስ አይደለም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠራቀም ነው። አንጎል በዋናነት የሚከታተለው እሱን ነው። ደረቱን በግማሽ የወጣ አየር ሞልቶ ተጨማሪ ለመሳብ የሚታገል ሯጭ ቦታ በሌለበት ቦታ እየፈለገ ነው። ሌላም ጥቅም አለ። በደንብ ስታስወጡ የሆድ ጡንቻ ዲያፍራምን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ይለጠጣልም። የተለጠጠ ጡንቻ ቀጣዩን ትንፋሽ በቀላሉ ይስባል።

አሁንም እንደተኛችሁ ወይም ቀጥ ብላችሁ ተቀምጣችሁ፦ 4 ሰከንድ አስገቡ፣ 6 ሰከንድ አስወጡ። ይህ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል። 6 ከከበዳችሁ በ3 እና በ4 ጀምሩ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ሰከንድ ጨምሩ። ማስወጣቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ይሁን። መጀመሪያ ላይ በአንዴ "ፉ" ብሎ ለቆ ቀሪውን ሰከንድ ባዶ መጠበቅ ልምምድ አይደለም።

ይህ ዝግ ያለ ትንፋሽ የልብ ምትን ያረጋጋል። ስለዚህ ማታ ከመኝታ በፊት ብትሠሩት ሁለት ጥቅም አለው። እንቅልፍ ለወጣት ሯጭ ከማንኛውም የትንፋሽ ልምምድ እንደሚበልጥ ግን አትርሱ።

ደረጃ 4፦ ተነሱ፣ ተራመዱ

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቆማችሁ ሞክሩ። መዳፋችሁን የታችኛው ጎድን ግራና ቀኝ ላይ አድርጉ፣ አውራ ጣት ወደ ኋላ። ስትስቡ እጆቻችሁ ሲራራቁ፣ ስታስወጡ ሲቀራረቡ ይሰማችሁ። ትከሻ ዝም ይበል። ከዚያ ተራመዱ፦ በ3 እርምጃ አስገቡ፣ በ4 አስወጡ። አምስት ደቂቃ። ሆዳችሁ ሙሉ በሙሉ እንዲነፋ አትጠብቁ። ስትቆሙ የሆድ ጡንቻ ቀጥ አድርጎ ይዟችኋልና እንቅስቃሴው ወደ ጎን ያደላል፣ ትክክልም ነው።

ደረጃ 5፦ ሶምሶማ ላይ ምት መያዝ

ሯጮች ሳያስቡት ትንፋሻቸውን ከእርምጃቸው ጋር ያገጣጥማሉ። ይህን ሆን ብላችሁ ስታደርጉት ፍጥነታችሁን የምትቆጣጠሩበት መሣሪያ ይሆናል።

በደቂቃ 180 እርምጃ የሚረግጥ ሯጭን እንውሰድ። በ3 እርምጃ አስገብቶ በ3 ቢያስወጣ በደቂቃ 30 ጊዜ ይተነፍሳል። ለቀላል ሩጫ ይህ ጥሩ ነው። 2 በ2 ሲሆን 45 ይደርሳል። ለቴምፖ (ጠንከር ባለ ግን ለረጅም ጊዜ በሚያዝ ፍጥነት መሮጥ) እና ለአብዛኛው የውድድር ክፍል የሚስማማው ይህ ነው። 2 አስገብቶ በ1 ማስወጣት ወይም የዚያ ግልባጭ 60 ይሆናል፣ እሱ ለመጨረሻው ዙር የሚቀመጥ ነው። አንዳንዶች 3 አስገብተው በ2 ማስወጣት ይመርጣሉ፣ 36 ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ማስወጣቱ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እግር ላይ ይጀምራል። ጉዳት ይቀንሳል የሚለው ማስረጃው ደካማ ነው። ከተመቻችሁ ግን ተጠቀሙበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰውነት ካፍታታችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች አፋችሁን ዘግታችሁ በአፍንጫ ብቻ ለመሮጥ ሞክሩ። አፍንጫ አየሩን ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ አቧራ ያጣራል። ከዚህም በላይ ፍጥነታችሁን ይገራል፦ በአፍንጫ መቀጠል ካቃታችሁ ለቀላል ሩጫ ፈጥናችኋል። በቀላል ቀን ከጓደኛ ጋር ፉክክር ለሚያምራችሁ ከሰዓት የተሻለ ልጓም ነው። ከ10 ደቂቃ በኋላ አፋችሁን ክፈቱ። 3 በ3 ለ2 ደቂቃ ቁጠሩ፣ ቀጥሎ ለ3 ደቂቃ ቁጥሩን ተዉትና ዝም ብላችሁ ሩጡ። ይህን 3 ወይም 4 ጊዜ ድገሙ።

ሁልጊዜ መቁጠር አያስፈልግም። ዳገት ላይ ምቱ ይለወጣል፣ ነፋስ ሲገጥማችሁ ይለወጣል፣ ይለወጥ። ምቱን ለመጠበቅ ብሎ ትንፋሽን ማፈን ጨዋታውን መገልበጥ ነው።

ደረጃ 6፦ ፍጥነት ሲጨምር

በኢንተርቫል (በእረፍት እየተከፋፈለ በሚደጋገም ፈጣን ሩጫ) እና በውድድር "በአፍንጫ ብቻ ተንፍሱ" የሚላችሁን አትስሙ። ጠንክራችሁ ስትሮጡ በደቂቃ 100 ሊትርና ከዚያ በላይ አየር ሊያስፈልግ ይችላል። አፍንጫ ብቻውን ይህን አያስተናግድም። አፍና አፍንጫ አብረው ይሥሩ፣ አገጭ ይላላ።

እዚህ የምሰጣችሁ ልምምድ አንድ ብቻ ነው፣ ግን በጣም እወደዋለሁ። በእያንዳንዱ 400 ሜትር ድግግሞሽ ላይ 200 ሜትሩን ስታልፉ አንድ ረጅም፣ ሙሉ ማስወጣት አድርጉ። "ሃ" የሚል ድምፅ ቢወጣ ሼም የለውም። ከእሱ ጋር ትከሻችሁን ጣሉ፣ ጡጫችሁን ፍቱ። ከዚያ ወደ 2 በ2 ተመለሱ። አሠልጣኝ ከሆናችሁ እዚያው 200 ሜትሩ ላይ ቁሙና "አውጣ!"፣ "አውጪ!" በሏቸው። "ተንፍስ" ስትሉት ልጁ አየር ይስባል፣ ትከሻውም ይነሳል። "አውጣ" ስትሉት ትከሻው ይወርዳል። በድግግሞሾች መካከል ባለው እረፍትም ይህንኑ አድርጉ፦ መጀመሪያ ሦስት ረጅም ማስወጣት፣ ቀጥሎ ሌላው።

ሩጫው እንዳለቀ እጅን ጉልበት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ድክመት አይደለም። ዲያፍራም በዚያ አቋቋም በደንብ ይሠራል። ቀና በሉ እያሉ መጮህ አያስፈልግም። ትንፋሹ መለስ ሲል ቀስ ብሎ መራመድ ይቀጥላል።

ደረጃ 7፦ ከውድድር በፊት

ጭንቀት የሚጀምረው ጥሪው ሲሰማ ነው። ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ደረት ላይ ይሰቀላል፣ ገና ሳይሮጥ ሯጩ ደክሟል። መነሻው 20 ደቂቃ ሲቀረው ለ3 ደቂቃ 4 በ6 ተንፍሱ (4 ሰከንድ አስገቡ፣ 6 ሰከንድ አስወጡ)፣ ተቀምጣችሁ። ከዚህ በላይ አታርዝሙት፣ ሰውነት መንቃትም አለበት። ከዚያ ማሟሟቂያውን ጨርሱ፣ ጥቂት ፈጣን ሩጫዎችንም አስገቡበት። መነሻው መስመር ላይ አንድ ሙሉ ማስወጣት ይበቃል። ተኩሱን ደረት ነፍቶ መጠበቅ የተለመደ ነው፣ እናንተ ግን ለምዳችሁ ተዉት።

ስለ መሣሪያው

የመተንፈሻ ጡንቻን የሚያጠነክር በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ አለ። ስትስቡበት ይቋቋማችኋል። ለዲያፍራም ክብደት ማንሳት ማለት ነው። የተለመደው መጠን በአንድ ጊዜ 30 ትንፋሽ፣ በቀን 2 ጊዜ፣ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። ክብደቱ መሳብ ከምትችሉት ከፍተኛ ኃይል ግማሽ ያህል ይደረጋል። አሳሳቡ ፈጠንና ጠንከር ያለ፣ ማስወጣቱ ዝግ ያለ ነው። የመተንፈሻ ጡንቻ በእርግጥ ይጠነክራል። ሰዓት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን መጠነኛ ነው፣ ከሰው ሰውም ይለያያል።

የእኔ አስተያየት? ከ16 ዓመት በታች ከሆናችሁ አትቸኩሉ። ከደረጃ 1 እስከ 6 ያለውን በደንብ ሥሩ፣ ሩጫችሁን ጨምሩ፣ ጥቅሙ ይበልጣል። ከዚያ በላይ ሆናችሁ በየሳምንቱ በቋሚነት የምትሠለጥኑ ከሆነ ከአሠልጣኛችሁ ጋር ሞክሩት። ጆሮ ወይም ሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ያሉ የአየር ክፍተቶች) የታመመ፣ ሳንባው ከዚህ በፊት አየር አፍስሶ የታከመ ወይም አስም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። አፍ የሚገባበትን ክፍል ከማንም ጋር አትጋሩ።

አፍን የሚሸፍኑት "የከፍታ ማስክ" የሚባሉት ሌላ ነገር ናቸው። አየሩን ያከብዱታል እንጂ ኦክስጅኑን እንደ ተራራ አየር አያሳሱትም። ገንዘባችሁን ለጫማ አስቀምጡት።

ውጋት ሲይዛችሁ

ከጎድን በታች የሚይዘው ውጋት በወጣት ሯጮች ላይ ከአዋቂዎች ይበልጥ ይበዛል። ሆድ ሞልቶ መሮጥና ከሩጫ በፊት ብዙ ጣፋጭ መጠጥ መጠጣት ያባብሱታል። ስለዚህ ከባድ ምግብ ከሩጫው ቢያንስ ከ2 ሰዓት በፊት ይሁን፣ ውኃም በትንሽ በትንሹ።

ከያዛችሁ ፍጥነት ቀንሱ። የሚያማችሁን ቦታ በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ትንሽ ጎንበስ በሉ። በሰበሰባችሁት ከንፈር ረጅም አስወጡ፣ ከአምስት እስከ አሥር ጊዜ። ካልለቀቀ ተራመዱ። ሩጫውን ካላቆማችሁ ግን ውጋቱ ከያዘበት ጎን በተቃራኒው እግር ላይ ማስወጣትን ሞክሩ፣ ለአንዳንዱ ይሠራል።

የማታደርጉት

ትንፋሽ ይዞ መሮጥ አቅም ይጨምራል የሚል ወሬ አለ። የቼኮዝሎቫኪያው ሯጭ ኤሚል ዛቶፔክ በወጣትነቱ ትንፋሹን ይዞ ከዛፍ ዛፍ ሲራመድ ራሱን እስከ መሳት ደርሷል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ 5,000 ሜትርን፣ 10,000 ሜትርንና ማራቶንን አሸንፏልና ታሪኩን የሚሰሙ ልጆች ሊሞክሩት ይችላሉ። እሱን ያነገሠው ግን በየቀኑ ይደጋግመው የነበረው የ400 ሜትር ሩጫ ነው። እናንተም ሩጫውን ውሰዱ፣ ትንፋሽ መያዙን ተዉት።

በውኃ ውስጥ ደግሞ ጉዳዩ የሞት ነው። በፍጥነት ደጋግሞ ተንፍሶ ጠልቆ መግባት የመተንፈስ ጥሪውን ያዘገየዋል። ኦክስጅን ሳይታወቅ ያልቅና ሰው ውኃ ውስጥ ራሱን ይስታል። ዋናተኛ ጓደኛችሁ ቢያደርገው እንኳ አስቁሙት።

ልምምድ የማይፈታው ትንፋሽ ማጠር

ይህን ክፍል ወላጅና አሠልጣኝ በጥንቃቄ እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ። ብዙ ወጣት "አቅም የለህም" ተብሎ የሚተወው ያልታየ ሕመም ይዞት ነው።

ሩጫው ካለቀ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ሳል፣ ደረት መጨበጥ፣ ስታስወጡ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ካለ፣ በተለይ በቀዝቃዛና ደረቅ አየር ከባሰ፣ በሩጫ የሚነሳ የአየር ቧንቧ መጥበብ ሊሆን ይችላል። ምርመራም ሕክምናም አለው። ሐኪም ያዘዘው የሚነፋ መድኃኒት ካለ እንደታዘዘው ከሩጫ በፊት ይወሰዳል። የአተነፋፈስ ልምምድ እሱን አይተካም።

ድምፁ ስታስገቡ፣ ጉሮሮ ላይ፣ ሩጫው በጣም በከበደበት ሰዓት ከመጣና ስታቆሙ በጥቂት ደቂቃ ከጠፋ ግን ሌላ ነገር ነው። ማንቁርት ሲጠብ እንዲህ ይሆናል። በታዳጊዎች፣ ይልቁንም በሴት ሯጮች ዘንድ የተለመደ ነው፣ ብዙ ጊዜም አስም ነው ተብሎ ይታለፋል። የአስም መድኃኒት ሲወሰድ ምንም ለውጥ ካላመጣ ይህን ጠርጥሩ። ደግነቱ እዚህ ላይ የአተነፋፈስ ሥልጠና ራሱ የሕክምናው አካል ነው፣ ግን ከባለሙያ ጋር።

ቀላል የነበረው ፍጥነት ለሳምንታት እየከበደ ከሄደ፣ ድካምና የፊት መገርጣት ካለ ደም ይመርመር። የብረት ማዕድን እጥረት የወር አበባ በጀመሩ ሴት ሯጮች ላይ ይበዛል። እየሮጡ ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ ወይም ልብ ያለ ልክ መምታት ካለ ደግሞ ሐኪም እስኪያይ ሩጫ ይቆማል። በዚህ ድርድር የለም።

ሳምንቱን እንዴት ትይዙታላችሁ?

አንደኛ ሳምንት፦ ወለል ብቻ፣ ጠዋትና ማታ 5 ደቂቃ። ሁለተኛ ሳምንት፦ ጠዋት ቆሞና እየተራመዱ፣ ማታ 4 በ6። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት፦ ማታ 4 በ6 ይቀጥላል፣ በሁለት ቀላል ሩጫዎች ላይ ምት ትቆጥራላችሁ፣ በአንድ የኢንተርቫል ቀን የ200 ሜትሩን ማስወጣት ትሠራላችሁ። ጉንፋን ከያዛችሁ ተዉት፣ ሲሻላችሁ ካቆማችሁበት ቀጥሉ።

በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ደብተሩን አውጡ። የመጀመሪያው ቀን በሮጣችሁበት መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት 10 ደቂቃ ሩጡ፣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በሉ። ስንት ቦታ ቆረጣችሁት? የምትቆርጡበት ቦታ ከቀነሰ ወደሚቀጥለው ውድድር ልምምዱን ይዛችሁ ሂዱ። ምንም ካልተለወጠ ጓደኛችሁ ከጎን ሆኖ 400 ሜትር ስትሮጡ በስልክ ይቅረጻችሁ። ቪዲዮውን አዝግማችሁ ትከሻችሁን እዩ። ከ200 ሜትር በኋላ አሁንም የሚነሳ ከሆነ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱና ሁለት ሳምንት እዚያው ቆዩ።